ለሦስት ቀን የትኛው ከተማ? በሊዩብሊያና ላይ የተደረገ ምልልስ

በዚህ ምልልስ የሚነጋገሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው የከተሞችን ታሪክና አሠራር ለረጅም ዘመን ያስተማሩ ጡረተኛ መምህር ሲሆኑ፣ ሁለተኛዋ በጀርመን አገር በነርስነት የምትሠራና ከተደራራቢ የሌሊት ተራ በኋላ የሦስት ቀን ፈቃድ ያገኘች የእህታቸው ልጅ ናት። የሚነጋገሩበት ጉዳይ ለአጭር ዕረፍት ምን ዓይነት ከተማ እንደሚመረጥ ነው፤ ለምሳሌነት የቀረበችውም የስሎቬኒያ ዋና ከተማ ሊዩብሊያና ናት። ዓመታቱ በሙሉ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ተጓዧ፦ ጋሼ፣ ከከተማው ስም በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም። ሦስት ቀን ብቻ ያለው ሰው ፓሪስን ወይም ሮምን ትቶ ስሟ እምብዛም የማይነሳ ከተማ ለመምረጥ ምን ምክንያት አለው? ለመኝታና ለመጓጓዣ የሚወጣው ገንዘብ ብዙም ካልተራራቀ፣ ትልቁን አይቶ መመለስ የሚሻል ይመስላል።

መምህሩ፦ እንዲያ የሚመስለው ጉዞው ለማየት ነው ወይስ ለማረፍ የሚለው ሳይለይ ሲቀር ነው፣ ልጄ። አጭር ዕረፍት የሚባለው ከሁለት እስከ አራት ቀን የሚዘልቅ፣ ብዙ ጊዜም ከቅዳሜና እሑድ ጋር ተያይዞ የሚወሰድ ጉዞ ነው፤ ከዚህ ውስጥ የመሄጃውና የመመለሻው ሰዓት ሲቀነስ በእጅ የሚቀረው ጊዜ ከሁለት ቀን ብዙ አያልፍም። በትልቅ ከተማ ይህ የተረፈው ጊዜ እንደገና ይሸራረፋል፤ ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ መኝታ፣ ከመኝታ እስከ ሙዚየም፣ ከሙዚየም እስከ ምግብ ቤት በምድር ውስጥ ባቡር የሚያልፍ ሰዓት አለ፣ ቲኬት ከሳምንታት በፊት ካልተያዘም የሚጠብቅ ሰልፍ አለ፣ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ አንዱም ሳይታይ እንዳይቀር የሚደረገው ሩጫ ነው። ሉቭርን ወይም ቫቲካንን ማየት ታላቅ ነገር ነውና ተገቢው ጊዜ ይሰጠው። በሌሊት ተራ የደከመ ሰው ግን ከእንዲህ ያለው ሩጫ ሲመለስ ሌላ ዕረፍት ያሻዋል።

ተጓዧ፦ እንግዲያው መለኪያው የከተማዋ ትንሽነት ነው ማለት ነው?

መምህሩ፦ ትንሽነት ብቻውን አያሳርፍም። በኦስትሪያ ተራሮች ሥር በሐይቅ ዳር የተቀመጠችው ሃልሽታት ነዋሪዋ 800 እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን በዓመት የሚጎበኛት ሰው ከአንድ ሚሊዮን ያለፈበት ጊዜ አለ፣ በኦገስት 2023ም ነዋሪዎቿ የጎብኚው ቁጥር እንዲገደብ አደባባይ ወጥተው ጠይቀዋል። በውኃ ላይ የቆመችው አሮጌዋ ቬኒስም በእግር የምትዳረስ ከተማ ናት፤ ሆኖም የነዋሪዋ ቁጥር ከ50,000 በታች ወርዶ ጎብኚው ስለበዛባት ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ሳያድሩ ለሚመለሱ ጎብኚዎች በተመረጡ ቀናት የ5 ዩሮ መግቢያ ደንግጋለች። እነዚህ ቦታዎች ውብ መሆናቸው አያከራክርም። ግን ነዋሪው ከመንገዱ ሲጠፋ ጎብኚ የሚያየው ሌላ ጎብኚን ነው፣ በእንዲህ ያለ ቦታም ልብ አያርፍም። ስለዚህ መለኪያው፣ ከተማዋ ጎብኚው ባይመጣም የራሷ የዘወትር ሥራና ኑሮ አላት ወይ የሚለው ጥያቄ ነው። የሚያሳርፈው ከተማ ጎብኚው የነዋሪ እንግዳ ሆኖ የሚቆይበት ነው።

ተጓዧ፦ ይህ ከሩቅ ሆኖ እንዴት ይታወቃል? የማስታወቂያው ፎቶግራፍ ሁሉንም ከተማ ጸጥተኛ አድርጎ ያሳያል።

መምህሩ፦ ፎቶግራፉ ይቅርና ካርታው ይዘርጋ። በከተማዋ እምብርት ላይ አትክልት የሚሸጥበት ገበያ፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መኖሩ ይታይ፤ እነዚህ ባሉበት ሰዎች በማለዳ ወደ ሥራ ይወጣሉ፣ ሕፃናት ከትምህርት ቤት ይመለሳሉ፣ ሽማግሌዎችም ጋዜጣቸውን ይዘው ቡና ይጠጣሉ። ቀጥሎ ከባቡር ጣቢያው እስከ መሃል ከተማ ያለው ርቀት ይለካ፤ ሻንጣ እየጎተቱ በእግር የሚደረስ ከሆነ የመጀመሪያው ሰዓት አልባከነም። በመጨረሻም ለመቀመጥ ክፍያ የማይጠየቅበት ቦታ፣ ማለትም ወንዝ ዳር፣ የጥላ ዛፍ፣ መናፈሻ መኖሩ ይጣራ፤ ገንዘብ ሳያወጣ መቀመጥ የማይችል ጎብኚ ቀኑን ሙሉ ሲባዝን ይውላልና። ሊዩብሊያና ለምሳሌነት የተመረጠችው ይህን ሁሉ በአንድነት ስለምታሟላ ነው። የነዋሪዋ ቁጥር ወደ 300,000 ይጠጋል፤ የአገር ዋና ከተማ ስለሆነች መንግሥቱ፣ በ1919 የተመሠረተ ዩኒቨርሲቲ ስላላትም በአሥር ሺዎች የሚቆጠረው ተማሪ በዚያው ይኖራል። ከባቡር ጣቢያዋ እስከ ዋናው አደባባይ ከሩብ ሰዓት የበለጠ እርምጃ አያስፈልግም።

ተጓዧ፦ በዚህ አነጋገር ጸጥታው ከከተማዋ መጠንና አቀማመጥ የመጣ የተፈጥሮ ጸጋ ይመስላል።

መምህሩ፦ ስህተቱ ያለው እዚህ ላይ ነውና ትንሽ ማዝገም ተገቢ ነው። የሊዩብሊያና ጸጥታ የተሠራ ነገር ነው፤ ሰዎች ወስነው፣ ተከራክረው፣ ድንጋይ ጠርበው ያመጡት ነው። ከተማዋ በሮማውያን ዘመን ኤሞና የምትባል ሰፈር ነበረች፤ ከዚያም ለብዙ መቶ ዓመታት በሃብስቡርግ ነገሥታት ሥር በጀርመንኛ ላይባኽ እየተባለች ኖረች። በኤፕሪል 14 ቀን 1895፣ በምዕራባውያኑ የትንሣኤ በዓል ሌሊት፣ ኃይለኛ የመሬት መንቀጥቀጥ መታትና ብዙ ቤቶቿ ተሰነጣጠቁ፤ መልሶ ግንባታው አዳዲስ ጎዳናዎችንና ዛሬ የከተማዋ ምልክት የሆነውን በ1901 የተከፈተውን የዘንዶ ድልድይ አመጣ። የዛሬ መልኳን ከሁሉ አብልጦ የሰጣት ግን ዮዤ ፕሌችኒክ የተባለ የሕንፃ ጥበብ ሰው ነው። በ1872 በዚያችው ከተማ ተወልዶ፣ በቪየና ከታዋቂው ኦቶ ቫግነር ዘንድ ተምሮ፣ በፕራግም የቤተ መንግሥቱን እድሳት መምራት ጀምሮ በ1921 ለማስተማር ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ፤ በ1957 እስኪሞት ድረስም ሲያስተካክላት ኖረ።

ተጓዧ፦ አንድ ሰው የሠራው ነገር የከተማን ጠባይ እስከመለወጥ ይደርሳል?

መምህሩ፦ ሥራው በትልልቅ ሐውልት ያልተወሰነ ስለሆነ ደርሷል። ፕሌችኒክ የተጨነቀው ሰው ከቤቱ ወጥቶ እስከ ገበያ ሲሄድ እግሩ የሚረግጠው፣ እጁ የሚደገፈው፣ ዓይኑ የሚያርፍበት ምን እንደሆነ ነው። በሊዩብሊያኒትሳ ወንዝ ላይ ያለው ባለ ሦስት ድልድይ ይህን ከሁሉ በተሻለ ያስረዳል። በቦታው በ1842 የተሠራ አንድ የድንጋይ ድልድይ ነበር፤ ተሽከርካሪ ሲበዛ ጠበበ። የጠበበ ድልድይ ብዙ ጊዜ ይፈርስና በሰፊ ይተካል፤ ፕሌችኒክ ግን አሮጌውን ሳያፈርስ ከ1929 እስከ 1932 ባለው ጊዜ ውስጥ በግራና በቀኙ ሁለት የእግረኛ ድልድዮች ጨመረ፣ እነርሱንም ከመሃለኛው ጋር ትይዩ ከማድረግ ይልቅ ወደ አደባባዩ እንደሚሰበሰቡ ጣቶች ዘመም አድርጎ አስቀመጣቸው። ከአደባባዩ የሚመጣው ሰው መንገዱ ሦስት ላይ ሲከፈልለት አንዱን ለመምረጥ እርምጃውን ያቀዘቅዛል። መደገፊያው በሰው ወገብ ልክ የተሠራ፣ ክርን ለማሳረፍም የሚበቃ ስፋት ያለው ነው፤ ከጎን ድልድዮቹ ደግሞ ወደ ወንዙ ዳር የሚያወርዱ ደረጃዎች አሉ፣ እነዚያን የወረደ ሰው ከግርግሩ ጥቂት ሜትር ዝቅ ብሎ ከዛፍ ጥላ ሥር ከውኃው አጠገብ ይቆማል። ወደ ደቡብ፣ ትርኖቮ ወደሚባለው ሰፈር ሲኬድም እዚያው ወንዝ ዳር ውኃው ድረስ የሚወርዱ ሰፋፊ የድንጋይ እርከኖችን ሠርቷል፤ ማንም ሰው ያለ ክፍያና ያለ ከልካይ ተቀምጦ የሚያነብበት ቦታ ነው።

ተጓዧ፦ ከድልድዩ ሌላ በዓይን ሊታይ የሚገባው ሥራው የትኛው ነው?

መምህሩ፦ ከ1936 እስከ 1941 የተሠራው የብሔራዊና የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ነው። ግድግዳው ከቀይ ሸክላና ሳይለዝብ ከወጣ ግራጫ ድንጋይ ተቀይጦ የተገነባ ስለሆነ ከሩቅ ሻካራ ሆኖ ይታያል፤ የበሩ እጀታ በፈረስ ራስ መልክ የተቀረጸ ነው። ከበሩ እንደተገባ በ32 ጥቁር የድንጋይ ዓምዶች መካከል የሚያልፍ ረጅም ደረጃ አለ፤ ከታች ሲነሳ ጨለም ይላል፣ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ብርሃኑ ይጨምራል፣ ከላይ ባለው የንባብ አዳራሽም በትልልቅ መስኮቶች ይጥለቀለቃል። ከድንቁርና ወደ ዕውቀት መውጣትን ለማሳየት ነው የሚለው አተረጓጎም የተለመደ ነው፣ ተስማሚም ነው። የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ በ2021 የፕሌችኒክን የሊዩብሊያና ሥራዎች በመዝገቡ ሲያሰፍር ያከበረው ይህንኑ ሰውን መነሻ ያደረገ የከተማ አሠራር ነው። ለሦስት ቀን እንግዳ የሚሆነው ሰው ከአንድ ሙዚየም ወደ ሌላው ከመሮጥ ይልቅ በዚህ ደረጃ ላይ ሁለት ጊዜ ቢመላለስ ይጠቀማል፤ አንድ ጊዜ በጠዋት፣ አንድ ጊዜ ከሰዓት በኋላ፣ ብርሃኑ የተለያየ ስለሆነ።

ተጓዧ፦ ፕሌችኒክ ከሞተ ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚያ መካከል መኪና ከተማውን ሁሉ እንደወረረ የታወቀ ነው።

መምህሩ፦ ሊዩብሊያናንም ወርሯት ነበር። ዛሬ የቡና ጠረጴዛ የተደረደረባቸው የወንዙ ዳር መንገዶች ለብዙ ዓመታት የመኪና ማቆሚያ ነበሩ። የማዘጋጃ ቤቱ አስተዳደር በ2007 መሃል ከተማውን ለመኪና መዝጋት ጀመረ፤ እንዲህ ያለው ቦታ የእግረኛ ቀጠና ይባላል፣ ማለትም ዕቃ ለማራገፍ በተወሰነ ሰዓት ከሚፈቀድላቸውና ከአደጋ ጊዜ መኪኖች በቀር ሌላው የማይገባበት ክልል ነው። በኋላም ዋናው የስሎቬንስካ ጎዳና ከፊሉ ለእግረኛ፣ ለብስክሌትና ለአውቶቡስ ብቻ ተተወ። ባለ ሦስቱ ድልድይም መሃለኛው ጭምር የእግረኛ ሆነ። ከተማዋ የ2016 የአውሮፓ አረንጓዴ መዲና ተብላ የተመረጠችበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ተጓዧ፦ በሆስፒታል ሥራ የሚታየው ነገር ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። ጉልበቱን የሚያመው አዛውንት፣ በክራንች የሚሄደው ሰው፣ ነፍሰ ጡሯ መኪና ከማይገባበት ከተማ እንዴት ይጠቀማሉ? እግረኛ ሁሉ ጤነኛ አይደለም።

መምህሩ፦ ያለዚህ ጥያቄ የእግረኛ ቀጠና የወጣቶች መናፈሻ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በሊዩብሊያና የተሰጠው መልስ ካቫሊር የሚባሉት በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ትንንሽ ተሽከርካሪዎች ናቸው፤ በሰው እርምጃ ፍጥነት እየሄዱ በቀጠናው ውስጥ ያለ ክፍያ ያደርሳሉ፣ በእጅ ምልክትም ይቆማሉ። ከመሃል ከተማው በላይ በኮረብታ ላይ ወዳለው ግንብም ከ2006 ጀምሮ በገመድ የሚሳብ ባቡር ስለተሠራ ዳገቱ የግድ አይደለም። ሌሎች ከተሞችም በየራሳቸው መንገድ ሄደዋል፤ በስፔን ያለችው ፖንቴቬድራ ከ1999 ጀምሮ መሃሏን ለእግረኛ አስረክባለች፣ የቤልጂየሟ ጌንት ደግሞ በ2017 ባወጣችው የትራፊክ ዕቅድ መኪና ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው በመሃል ከተማ እንዳያቋርጥ፣ ዙሪያውን እንዲሄድ አድርጋለች። ሁለቱም ለአጭር ዕረፍት የሚመከሩ ናቸው። ግን አንድ ነገር ሳይሸሸግ መነገር አለበት፤ መንገዱ ሲያምር የቤት ኪራይ ይወደዳል፣ ለነዋሪ ይከራይ የነበረው ቤት ለጎብኚ በቀን መከራየት ይጀምራል፣ ሊዩብሊያናም ከዚህ አላመለጠችም። ስለዚህ ማረፊያ ሲመረጥ ነዋሪ ያስለቀቀ አፓርታማ ከመከራየት ይልቅ በትንሽ ሆቴል ወይም በእንግዳ ማረፊያ ማደር ከጎብኚ የሚጠበቅ አሳቢነት ነው።

ተጓዧ፦ እንበልና በመጀመሪያው ቀን ድልድዩም፣ ቤተ መጻሕፍቱም፣ ግንቡም ታዩ። በሁለተኛው ቀን ምን ይደረጋል? ትንሽ ከተማ ቶሎ ያልቃል የሚባለው በከንቱ አይደለም።

መምህሩ፦ ከቀሩት ቀናት አንዱ ለዙሪያው መንገድ ይሰጥ። ይህ መንገድ በተለይ ለኢትዮጵያዊ ከማንኛውም ሙዚየም በላይ የሚናገረው ነገር አለ። ይህ የእግር መንገድ ወደ 34 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ጠጠር የለበሰና በግራና ቀኝ በዛፍ የታጀበ ሆኖ ከተማዋን ይዞራታል። ጠዋት ሯጮች፣ ከሰዓት በኋላ ልጅ የያዙ እናቶች፣ ማታ ውሻቸውን የሚያንሸራሽሩ ሰዎች አይታጡበትም። ነገር ግን አሁን ዛፍ በተሰለፈበት መስመር ላይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእሾህ ሽቦ ነበር።

ተጓዧ፦ ማን ያጠረው ሽቦ?

መምህሩ፦ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር። የዘንጉ መንግሥታት፣ ማለትም ጀርመን፣ ኢጣሊያና ተባባሪዎቻቸው፣ በኤፕሪል 1941 ዩጎዝላቪያን ወርረው ሲከፋፈሏት ሊዩብሊያና ለኢጣሊያ ደረሰች፤ ሮም ከተማዋንና አካባቢዋን የሊዩብሊያና ክፍለ ሀገር ብላ ከግዛቷ የቀላቀለችው በሜይ 3 ቀን 1941 ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ የገቡት ከዚያ በሁለተኛው ቀን፣ በሜይ 5 ቀን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ከአንዱ ከተማ የተባረረው አገዛዝ ንጉሠ ነገሥቱ ወደዚያ በተመለሱበት ሰሞን ሌላውን ከተማ የራሱ አደረገ ማለት ነው። በሊዩብሊያና በዚያው ኤፕሪል የነጻነት ግንባር ተመሥርቶ አርበኞች መንቀሳቀስ ሲጀምሩ፣ ከተማውን ከገጠሩ ለመቁረጥ ሲባል ከፌብሩዋሪ 23 ቀን 1942 ጀምሮ ዙሪያው በእሾህ ሽቦ ታጠረ፣ በየርቀቱም የጥበቃ ምሽግ ተሠራበት። ከተማው ሁሉ እስር ቤት ሆነ። ብዙ ሺህ ሰዎችም ጎናርስና ራብ ወደተባሉት ማጎሪያዎች ተወሰዱ፤ የኢትዮጵያ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው ወደ ዳናኔና ወደ ኖኩራ የተጋዙትም በዚሁ አገዛዝ እጅ ነው። በ1943 ኢጣሊያ እጅ ስትሰጥ ጀርመኖች አጥሩን ተረክበው ያዙት፣ ከተማዋም ከሽቦው የወጣችው ከ1,170 ቀናት በኋላ፣ በሜይ 9 ቀን 1945 ነው።

ተጓዧ፦ ይህ ታሪክ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች አይነገርም። የአድዋና የማይጨው ጠላት በአውሮፓ መካከልም እንዲህ ማድረጉ ይገርማል።

መምህሩ፦ ግንኙነቱ ከዚህም ይጠልቃል። በ1920 በተፈረመው የራፓሎ ውል የስሎቬኒያ ምዕራባዊ ክፍል ለኢጣሊያ ተሰጥቶ ስለነበር፣ የዚያ አካባቢ ወጣቶች በግዴታ ለኢጣሊያ ጦር እየተመለመሉ ወደ ኢትዮጵያ ጦርነትም ተልከዋል፤ በቋንቋቸው መማር የተከለከሉ ሰዎች የሌላውን ሕዝብ ነጻነት ለመግፈፍ ጠመንጃ እንዲይዙ ተደረጉ። የሰማዕታትን ቀን በየዓመቱ የሚያስብ ኢትዮጵያዊ በዚህ መንገድ ላይ ሲሄድ ባዕድ አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ ነዋሪው ሽቦውን አንስቶ መስመሩን እንዳይረሳ በድንጋይ ምልክት አደረገበት፣ ዛፍ ተከለበት፣ መንገዱም በ1980ዎቹ ተጠናቀቀ። በየዓመቱ በሜይ መጀመሪያ ላይ፣ ከተማዋ ነጻ በወጣችበት ቀን አካባቢ፣ ብዙ ሺህ ሰው ተሰብስቦ በእግር ይዞረዋል። የሦስት ቀን እንግዳ ሙሉውን መዞር አይጠበቅበትም፤ ከቲቮሊ መናፈሻ አቅጣጫ ገብቶ የሁለት ሰዓት መንገድ ያህል መሄድ ይበቃል። በእውነት ለመናገር፣ ሊዩብሊያናን ከሌሎች ውብ ትንንሽ ከተሞች የሚያስመርጣት ይኸው ነው፤ ሰው ሰውነቱን እያሳረፈ የሚያስበው ነገር አያጣም።

ተጓዧ፦ ብዙ ሰው ግን ወደዚያ የሚሄደው የብሌድን ሐይቅ ለማየት ነው። በሦስተኛው ቀን ወደዚያ መሄድ አይሻልም?

መምህሩ፦ ብሌድ ከሊዩብሊያና ወደ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሰሜን ምዕራብ ትገኛለች፤ በሐይቁ መካከል ደሴት፣ በደሴቷም ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ማማሯም የሚካድ አይደለም። ነገር ግን በበጋ ወራት የአውቶቡሱ ሰልፍና የሐይቁ ዳር ግርግር ከላይ የተነገረውን የሃልሽታትን ነገር ያስታውሳል። ከማለዳው አውቶቡስ ጋር ሄዶ ከቀትር በፊት መመለስ የሚቻል ከሆነ ይሁን፤ ካልሆነ ግን ለሌላ ጊዜ ይቆይ። በአጭር ዕረፍት ላይ ሁለተኛ ጉዞ መጨመር የመጀመሪያውን ማፍረስ ነው።

ተጓዧ፦ ስለ ምግቡና ስለ አየሩስ?

መምህሩ፦ ማዕከላዊው ገበያ ከባለ ሦስቱ ድልድይ እስከ ዘንዶው ድልድይ በወንዙ ዳር ተዘርግቷል፤ በዓምድ የተደገፈውን ሽፋኑንም የነደፈው ፕሌችኒክ ነው። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ዝናብ ካልከለከለ፣ በየዓርቡ የከተማዋ ምግብ ቤቶች በገበያው አደባባይ ላይ ድስታቸውን ጥደው እዚያው ያበስላሉ፣ ነዋሪውም ከሥራ ወጥቶ ቆሞ ይበላል። የአገሩ የጥንት ምግብ አይዳ ከሚባል ጥቁር እህል ዱቄት የሚሠራ ዥጋንጺ ነው፤ ከገንፎ ጋር ይቀራረባል፣ በላዩ ላይ የአሳማ ስብ ጥብስ የሚደረግበት ልማድ ስላለ ግን ጿሚም ሆነ ሙስሊም ያለዚያ እንዲቀርብለት አስቀድሞ መናገር አለበት። ገበያው እሑድ ዝግ ነው፤ ከ2020 ወዲህ በወጣ ሕግም አብዛኞቹ ሱቆች እሑድ አይከፈቱም። በዚህ ምክንያት ሐሙስ ማታ ገብቶ ዓርብን ለገበያው፣ ቅዳሜን ለከተማው፣ እሑድን ለዙሪያው መንገድ መስጠት የሚስማማ አቀማመጥ ነው። ዝናቡ በዓመት ከ1,300 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሆነ ጃንጥላ አይረሳ፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ ሸለቆው በጉም ይሸፈናል። ሜይና ሴፕቴምበር የተሻሉ ናቸው።

ተጓዧ፦ ከጀርመን የሚሄድ ሰው በምን ይሂድ? ወረቀቱስ?

መምህሩ፦ የስሎቬኒያ የራሷ አየር መንገድ የነበረው አድሪያ በ2019 ስለከሰረ የቀጥታ በረራው ጥቂት ነው፤ ይህም ለጎብኚው ችግር ቢሆንም ከተማዋ በቅዳሜና እሑድ የሰካራሞች ጉዞ እንዳትጥለቀለቅ ረድቷታል። ከሙኒክ በአልፕስ ተራሮች መካከል የሚያልፈው ባቡር ስድስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከቪየናም የሚመጣው እንደዚያው ነው። መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ሰው ዕረፍቱን ከባቡሩ ላይ ይጀምራልና ጊዜው እንደ ኪሳራ አይቆጠርም። ስሎቬኒያ ከ2007 መጨረሻ ጀምሮ የሸንገን ማኅበር አባል ናት፤ ሸንገን ማለት አባል አገሮች በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር ያስቀሩበት ስምምነት ነው፣ ስለዚህ የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ያላት ኢትዮጵያዊት በየ180 ቀኑ ውስጥ እስከ 90 ቀን ድረስ ሌላ ቪዛ ሳያስፈልጋት ልትቆይ ትችላለች። ሆኖም ኦስትሪያ ከስሎቬኒያ ጋር በሚያዋስናት ድንበር ላይ ከ2015 ጀምሮ ጊዜያዊ ቁጥጥር መልሳ ስታደርግ ቆይታለችና ፓስፖርቱም የመኖሪያ ፈቃዱም ዋናው በእጅ መሆን አለበት፤ በስልክ የተነሳ ፎቶ አይበቃም።

ተጓዧ፦ ከአዲስ አበባ መጥቶ በዚህ ዕረፍት ላይ መገናኘት የሚፈልግ ታናሽ ወንድም ቢኖርስ?

መምህሩ፦ የወንድምሽ ነገር ጊዜ ይፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን ላይ ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት የቪዛ ማመልከቻ የሚታይበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሟል፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም አይሰጥም፤ ምክንያት ሆኖ የቀረበው የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ኢትዮጵያውያን መልሶ በመቀበል ረገድ የመንግሥት ትብብር አንሷል የሚል ነው። ለሦስት ቀን ጉብኝት የሚመጣ ወጣት ያላጠፋውን ጥፋት መክፈሉ አግባብ አይደለም፣ ይህ በግልጽ ሊባል ይገባል፤ ነገር ግን ደንቡ ስላለ በደንቡ ውስጥ መዘጋጀት ይሻላል። ማመልከቻው የሚቀርበው በብዛት ለሚቆይበት አገር፣ ወይም ያንን አገር ወክሎ ለሚቀበል ኤምባሲ ነው፤ የአዋቂ ክፍያ ከጁን 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ነው፣ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጤና መድን ያስፈልጋል። ማመልከቻ ከጉዞው ቀን ስድስት ወር ቀድሞ ማስገባት ይፈቀዳል። እንግዲህ ጉዞው ለሜይ ከታሰበ አንቺ የባቡሩን ቲኬት ለመግዛት አትቸኩዪ፤ ወንድምሽ ግን በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ቀጠሮ ይያዝ።